ትንሽ ጋኔሻ በሰም ቀርጾ በነሐስ ማፍሰስ፦ የስዋሚማላይ አሠራር

ስዋሚማላይ በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ክልል፣ ካቬሪ ወንዝ አጠገብ ያለች፣ የሂንዱ አማልክትን ምስል ከነሐስ በሚሠሩ ባለሙያዎቿ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። በቤተ መቅደሶቿ ከምትታወቀው ኩምባኮናም ብዙም አትርቅም። እዚያው ታሚል ናዱ ባለችው ቺዳምባራም ተማሪ ሳለሁ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ባቡር ይዤ ስዋሚማላይ ነበር የምወርደው። በትምህርቴ ኢንጂነር ነኝ፤ ያደግሁት ግን አጎቴ ወናፍ ሥር ነው። አጎቴ መስቀል የሚሠሩ አንጥረኛ ነበሩ። እሳቸውም ሰም ቀርጸው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን በእሳት አውጥተው፣ በቦታው የቀለጠውን ያፈስሱ ነበር። ስለዚህ ስዋሚማላይ የገባሁት ሥራውን ግማሽ በግማሽ አውቄ ነው። ያላወቅሁት ጭቃውን ነበር። እዚህ ጽሑፍ ላይም ለጭቃው ብዙ ቦታ የሰጠሁት ሆን ብዬ ነው።

«የጣዖት ሥራ ለምን ታስተምረናለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ከቤተሰብም ተብያለሁ። እኔ የተማርኩት የእጅ ሥራ ነው፤ ሃይማኖቴ ያው የነበረው ነው። ሂንዱዎቹም ቢሆኑ ከጭቃ ለወጣ ምስል ወዲያው አይሰግዱም። ዓይኑ ተከፍቶ፣ በቤተ መቅደስ ሥርዓቱ እስኪፈጸምለት ድረስ ነሐስ ነው። እኛም ዘንድ ሥዕል ሜሮን ሳይቀባና ከተቀባ በኋላ አንድ አይደለም። ብቻ ለሚያመልኩት ሰዎች ክቡር ነገር ስለሆነ፣ ስትሠሩ መሬት ላይ አትጣሉት፤ እግራችሁንም ወደ እሱ ዘርግታችሁ አትቀመጡ።

ምን እንሥራ?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ መሥራት የሚፈልገው ናታራጃን ነው፤ በእሳት ቀለበት ውስጥ አንድ እግሩን አንስቶ የሚደንሰውን የሂንዱ አምላክ ሺቫን። አያስደንቅም። ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሴርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ግቢ፣ በ2004 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ከህንድ መንግሥት የተበረከተ ናታራጃ ቆሟል። በ2023 ደልሂ ውስጥ ለቡድን 20 ጉባኤ የቆመው፣ ቁመቱ 27 ጫማ የሚሆነው ደግሞ እነዚሁ የስዋሚማላይ ባለሙያዎች በሰም ዘዴ የሠሩት ነው። ለጀማሪ ግን ናታራጃ ወጥመድ ነው። የተነሳው እግር ቀጭን፣ የተበተነው ጸጉር ቀጭን፣ በቀለበቱ ዙሪያ ያለው የነበልባል ምላስ ሁሉ ቀጭን። የቀለጠ ነሐስ ቀጭን መንገድ ሲገባ ቶሎ ይበርዳል፤ ሲበርድም ጫፍ ሳይደርስ ይቆማል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ቀለበቱን ለብቻው አፍስሰው ነው የሚገጥሙት።

ጋኔሻን ሥሩ፤ የዝሆን ራስ ያለውን አምላክ። የዝሆን ራስ፣ ትልቅ ሆድ፣ የታጠፈ አጭር እግር፤ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም እርስ በርሱ የተጠጋ። ኩምቢው እንኳ ሆዱ ላይ ስለሚያርፍ ለብቻው ወጥቶ አይንጠለጠልም። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ልኩ እንደፈለጉ የሚወሰድ አይደለም። ስታፓቲ የሚባሉት ባለሙያዎች ሺልፓ ሻስትራ በሚባሉት የጥንት የሥራ መጻሕፍት ላይ ያለውን ልክ ነው የሚከተሉት። መለኪያው ታላ ይባላል፤ በግምት ከግንባር እስከ አገጭ ያለው የፊት ርዝመት ነው። አንዱ ታላ በ12 አንጉላ ይከፈላል። እንደ ቪሽኑና ሺቫ ያሉት ታላላቆቹ አማልክት 124 አንጉላ፣ ሴት አማልክቱ 120 ቁመት ይሰጣቸዋል። ጋኔሻ ግን 5 ታላ ብቻ ነው፤ ያ ድንክነቱ የመጣው ከዚህ ነው። በሜትር አይለኩም። የኮኮናት ቅጠል በምስሉ ቁመት ልክ ይቆርጡና እያጠፉ እያጠፉ ይከፋፍሉታል፤ እጥፋቱ ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ቅጠሉም አይለጠጥም። አዲስ አበባ ላይ የኮኮናት ቅጠል ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ለሆሳዕና የምናስረው ዘንባባ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቅጠሉን በ5 አጥፉት፤ አንዱ እጥፋት ፊቱ ነው። ተቀምጦ ስትቀርጹት እግሩ ይታጠፋል እንጂ የፊቱና የሆዱ ልክ አይለወጥም።

ሰሙ

እዚያ የሚጠቀሙት የንብ ሰም፣ ኩንጊሊያም የሚሉት የዛፍ ሙጫና የለውዝ ዘይት አንድ ላይ ቀልጦ ነው። ሙጫው ሰሙን ያጠነክረዋል፤ ዘይቱ ያለሰልሰዋል። እኛ ጋ ሰሙ ችግር የለውም። ጠጅ ከሚጥሉ ቤቶች ሰፈፍ ገዝታችሁ በፈላ ውሃ አቅልጡት፤ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፤ ሲበርድ ንጹሑ ሰም ከላይ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ለሙጫው ደግሞ ሬዲዮ ጠጋኞች ለብየዳ የሚጠቀሙበት ቢጫ ሙጫ ይሆናል። እኔ በ2 እጅ ሰም 1 እጅ ሙጫ እጀምርና ዘይቱን በማንኪያ እየጨመርኩ እሞክረዋለሁ። ጥሩ ሰም በጣት መካከል ሲታሽ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን ጥፍር የማይገባበት ይሆናል። በጠዋቱ ብርድ ስትሠሩ ዘይት ትንሽ አብዙ፤ በከሰዓቱ ሙቀት ቀንሱ። ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በጭራሽ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ዕቃውን በፈላ ውሃ ውስጥ አድርጉት።

አቀራረጹ እንዲህ ነው። አጠገባችሁ ሁለት ነገር ይኑር፤ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህንና ትንሽ ከሰል ያለበት ምድጃ። ከሰሉ ላይ ሁለት ሦስት የብረት ቢላዎች ይሞቃሉ፤ ጫፋቸው አንዱ ሰፊ፣ አንዱ እንደ ወስፌ የሾለ ይሁን። ሆዱን፣ ራሱን፣ እጆቹን፣ መቀመጫውን ለየብቻ ቅረጹ። ሁለት ክፍሎች ስትገጥሙ የጋለውን ቢላ መሀላቸው ታስገቡና፣ ሁለቱም ፊት ሲቀልጥ ቢላውን ስትስቡት ወዲያው አጣብቃችሁ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። እዚያ ሥራውን ያየሁባቸው ሽማግሌ ስታፓቲ ይህን ሲሠሩ እያየሁ ጨርቅ እንኳ ሲያነሱ አላየሁም፤ የተረፈውን ሰም በውሃ በራሰ አውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ አሸት ያደርጉታል፣ መጋጠሚያው ይጠፋል። ጌጡን፣ የአንገት ሐብሉን፣ የእጅ አምባሩን ሰሙን እንደ ክር አድቦልብላችሁ አጣብቁ።

አንድ ነገር ላይ አስቸጋሪ ሰው ልሁን። ዛሬ ስዋሚማላይ ውስጥ ብዙ ቤት ጌጡን የሚያወጡት ከፈሰሰ በኋላ በመሮ ነው። ፈጣን ነው፣ ገበያ አለው። ከ9ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን በቾላ ነገሥታት ዘመን የተሠሩትን ግን ታንጃቩር ሄዳችሁ ብታዩ፣ የልብሱ እጥፋት ለስላሳ ነው፤ የመሮ ጠርዝ የለበትም። ሥራው በአብዛኛው ያለቀው ሰም ላይ ሳለ ነው። ለጀማሪም ይሄኛው ይሻላል፤ ሰም ላይ የተሳሳተ ጣት ወዲያው ይታረማል፣ ነሐስ ላይ የተሳሳተ መሮ አይታረምም። ሰሙ ላይ የጣት አሻራ ካለ ነሐሱም ላይ እንደሚወጣ እወቁ።

ቅርጹ ሲያልቅ ከመቀመጫው ሥር የአውራ ጣት ውፍረት ያለው የሰም ዘንግ ትከሉ፤ ጫፉን እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ አስፉት። ነሐሱ የሚገባው በዚህ ነው። ጋኔሻው ሲፈስበት በራሱ ተዘቅዝቆ ስለሚቆም፣ ተገልብጦ ሳለ አየር የሚታፈንበት ቦታ ሁሉ፣ በተለይ ክርንና ጉልበት፣ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ከእነዚያ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው የሰም ክሮች አውጥታችሁ እስከ ማፍሰሻው አፍ ደረጃ አድርሷቸው። ከዚያ ሁሉንም በኩሽና ሚዛን መዝኑና ጻፉት። ነሐስ ከሰም በ9 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ 150 ግራም ሰም ካላችሁ 1.5 ኪሎ ነሐስ አዘጋጁ። ትርፉ ማቅለጫው ውስጥ ተጣብቆ ለሚቀረው ነው።

ይህ ምስል ውስጡ ባዶ አይደለም፣ ድፍን ነው። በበዓል ቀን ከቤተ መቅደስ ወጥተው በሰው ትከሻ የሚዞሩት፣ በወተትና በውሃ በየጊዜው የሚታጠቡት ምስሎች ድፍን እንዲሆኑ ነው ሥርዓቱ። መቀመጫቸው ላይ የምታዩት ቀዳዳና ቀለበት መሸከሚያው ዘንግ የሚያልፍበትና የሚታሰርበት ነው።

ጭቃው

ስታፓቲዎቹ ከስዋሚማላይ ያልተነቀሉት በጭቃው ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካቬሪ ሲሞላ ተሸክሞ አምጥቶ ዳር ላይ የሚጥለው ደለል እንደ ዱቄት ልም ነው፤ በጣትና በጣት መካከል ሲታሽ አሸዋ የሚባል ነገር አይሰማም። የጥፍር መስመር ሳይቀር ይይዛል፤ ሲደርቅም እምብዛም አይሰነጠቅም።

የመጀመሪያው ሽፋን ከዚህ ደለል፣ ከተቃጠለና ከተፈጨ የሩዝ እብቅ፣ ከላም እበት የሚሠራ ነው። ከሰል የሆነው እብቅ ጭቃውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል፤ ነሐሱ ሲገባ የሚወጣው ትኩስ አየር በዚያ ያልፋል። እበቱ ያጣብቃል። እኛ አገር ስሠራ ከወንዝ ዳር የወሰድኩትን ደለል አድርቄ በነጠላ ጨርቅ ነፋሁት፤ በሩዝ እብቅ ፈንታ የከሰል ዱቄት በዚያው ጨርቅ ነፍቼ ገባሁበት። እርጥብ እበት በውሃ በጥብጡና አጥልላችሁ ውሃውን ተጠቀሙ። ውፍረቱ የአብሽ ያህል ይሁን። ለስላሳ ብሩሽ ውሰዱና በሰሙ ላይ ቀቡት፤ በብሩሽ ጫፍ ጌጥ ለጌጥ፣ ጆሮ ሥር፣ በኩምቢውና በሆዱ መካከል ያለው ስንጥቅ ውስጥ አስገቡት። እዚህ ጋ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ነሐሱ እዚያ ገብቶ እንደ ኪንታሮት ይወጣል። ሰሙ ዘይትነት ስላለው የመጀመሪያው ቅብ ይንሸራተታል። አትበሳጩ፤ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ድገሙ። 3 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ እንዲህ ቀጥሉ።

የሚደርቀው ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ ብታወጡት ውስጡ ያለው ሰም ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ጭቃውንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ሁለተኛው ሽፋን የሩዝ ማሳ ሸክላ አፈር ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ነው፤ ለእኛ ጀበና የሚሠራበት የሸክላ አፈር ይሆናል። በእጅ እየጠፈጠፋችሁ አልብሱት። ሲደርቅ በቀጭን የብረት ሽቦ ዙሪያውን እሰሩት፤ ለትልልቆቹ ምስሎች የብረት ዘንግ ነው የሚያስሩባቸው። ሦስተኛው ሽፋን ከሸክላው ይልቅ አሸዋ የበዛበት፣ ሻካራ ነው፤ ሽቦውን ይደብቀዋል። ጠቅላላ ውፍረቱ ለ10 ሳንቲ ሜትር ምስል ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይድረስ። የማፍሰሻው አፍና የመተንፈሻዎቹ ጫፍ ብቻ ሰማቸው እየታየ ይቅሩ።

መድረቁን በምን እናውቃለን? ሽማግሌው በጉንጫቸው ነበር የሚያውቁት፤ ጭቃውን ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ቅዝቃዜ ከተሰማቸው ይመልሱታል። እኔ ጉንጬን አላምነውም። በየቀኑ ጠዋት በሚዛን መዝኑትና ጻፉት፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ሳምንት ቢፈጅ አይግረማችሁ። በክረምት ባትጀምሩት ይሻላል።

እሳቱ

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አደገኛ ስለሆነ ብቻችሁን አትሥሩ፤ ሕፃናትም አይቅረቡ። የቆዳ ጫማ፣ ረጅም የጥጥ ልብስ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ፊት የሚሸፍን መከላከያ። ናይሎን ነገር ገላችሁ ላይ አይኑር። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ደረቅ አሸዋ አፍስሱበት፤ የቀለጠ ነሐስ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ሲሚንቶው ይፈነዳል። ከሁሉም በላይ ውሃ። እርጥብ ጭቃ ወይም እርጥብ መቆስቆሻ ከቀለጠ ነሐስ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ነሐሱን ወደ ፊታችሁ ይረጨዋል። ሚዛኑ ላይ ያን ያህል የሙጥኝ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የደረቀውን የጭቃ ቅርፊት አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በለዘበ የኩበት እሳት ላይ አስቀምጡት። ኩበት ቀስ ብሎ የሚነድ፣ እኩል የሚያሞቅ ስለሆነ እዚያም የሚመረጠው እሱ ነው። ሰሙ ሲንጠባጠብ ራቅ ብላችሁ በጣሳ ተቀበሉት፤ ለሚቀጥለው ይሆናል። ጭቃው የመጠጠው ሰም ግን ገና ውስጡ አለ። እሳቱን አበርቱና ቅርፊቱ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉት፤ ከአፉ ጭስ መውጣቱ እስኪያቆምና ጥቀርሻው ተቃጥሎ ውስጡ እስኪነጣ ድረስ አቆዩት። የተረፈ ሰም ካለ ጋዝ ሆኖ ነሐሱን ያንተከትከዋል።

ነሐሱን ጎን ለጎን አቅልጡ። የስዋሚማላይ ፓንቻሎሃ «አምስት ብረት» ነው፤ ዋናው መዳብ ሆኖ ከመቶ 80 በላይ ይይዛል፤ ብራስና ትንሽ እርሳስ ይገባበታል፤ ወርቅና ብር በጥቂቱ ይጨመራሉ፣ ብዙ ጊዜ ምስሉን ያዘዘው ሰው በእጁ ነው የሚጨምራቸው። እናንተ እርሳሱን ተዉት፣ ጭሱ መርዝ ነው። ብራስም ውስጡ ዚንክ ስላለ ሲግል የሚያወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳት ያስይዛል። ቀላሉ 9 እጅ መዳብ 1 እጅ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ሳይሆን የብየዳ ሰዎች የሚያውቁትን ንጹሑን ማለቴ ነው፤ እርሳስ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ጠይቁ። መዳቡን ምናለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ነጋዴዎች ታገኛላችሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሆነ ፕላስቲኩን ላጡት፣ አታቃጥሉት።

በግራፋይት ማቅለጫ ውስጥ፣ በከሰልና በነፋሽ፣ መጀመሪያ መዳቡን ብቻ አቅልጡ፤ በ1085 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው። ትንሽ ቦራክስ (አንጥረኞች ብረት ሲያቀልጡ የሚጠቀሙበት ነጭ ዱቄት) ጣሉበትና ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ዝቃጭ በደረቀና በሞቀ ብረት ግፈፉ። ቆርቆሮውን መጨረሻ ላይ ጨምራችሁ አማስሉ። ያኔ ላዩ እንደ መስታወት ያበራል።

ቅርፊቱን ገና ትኩስ ሳለ በጉጠት አንስታችሁ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ደረቅ አሸዋ በሞላ ጉድጓድ ውስጥ እስከ አፉ ቅበሩት። ከቀዘቀዘ ነሐሱን ስለሚያቆምባችሁ አትዘግዩ። ጓደኛችሁ ዝቃጩን ይያዝላችሁ፣ እናንተ በአንድ ጊዜ፣ በቀጭኑ፣ ሳታቋርጡ አፍስሱ። ማቋረጥ ማለት ሁለት ነሐስ ማለት ነው፤ መሀላቸው የስንጥቅ መስመር ይቀራል። በመተንፈሻዎቹ አፍ ነሐሱ ብቅ ሲል ሞልቷል። ማፍሰሻውን እስከ አፉ ሙሉት፤ ወፍራሙ ሆድ ሲረጋ እየተኮማተረ ከዚያ ይስባል።

ከፈሰሰ በኋላ

ውሃ አታፍስሱበት። ሌሊቱን ይደርና በጠዋት ጭቃውን ቀስ ብላችሁ በመዶሻ ስበሩት። እዚያ ልማዱ መጀመሪያ ራሱን መክፈት ነው። የሚወጣው ነገር ጥቁር፣ ቀንዳም፣ አስቀያሚ ነው፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ማፍሰሻውንና መተንፈሻዎቹን በመጋዝ ቁረጡ፤ ሥራቸውን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራ ወደ ልም እያላችሁ አስተካክሉ። መሮ የሚያስፈልገው ለጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ሰም ላይ ከደከማችሁ። ማጠቢያቸው ተምር ሂንዲ ነው። ፍሬውን በውሃ ዘፍዝፋችሁ በጨርቅ እሹበት፤ አሲዱ ጥቁረቱን ያነሳል። በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። ቫርኒሽ አትቀቡ፤ ዓመት ሳይሞላው ይላጣል።

ዓይኑን ሰም ላይ ሳለ በስሱ ብቻ ምልክት አድርጉት። ለአምልኮ የሚሄድ ምስል ከሆነ ዓይኑን የሚከፍተው ስታፓቲው ራሱ ነው፣ መጨረሻ ላይ፣ ከወርቅ በተሠራ መሣሪያ፣ በተመረጠ ሰዓት። ለመደርደሪያችሁ ከሆነ ጨርሱት። ለህንዳዊ ጎረቤት ስጦታ ከሆነ ግን ምልክቱን ብቻ ትታችሁ ብትሰጡ ይወዱላችኋል።

ከመሥራት ይልቅ ሄዶ መግዛት ለሚቀላችሁ፣ በተለይ ዱባይ ወይም አሜሪካ ላላችሁ፣ አዲሱን እንጂ «ጥንታዊ ነው» የሚባለውን አትግዙ። ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ምስል በ1972 በወጣው ሕግ ከህንድ አይወጣም፤ ከቤተ መቅደስ የተሰረቁም ብዙ ናቸው። ከስሪፑራንታን መንደር ቤተ መቅደስ የተሰረቀ ናታራጃ አውስትራሊያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ድረስ ሄዶ በ2014 ነው የተመለሰው። ከሠሪው ደረሰኝ፣ ከህንድ የአርኪኦሎጂ መሥሪያ ቤትም ጥንታዊ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ያዙ።

የተሰበረውን ቅርፊት አትጣሉ። የውጪውን ሻካራ ክፍል ወቅጣችሁ ነፍታችሁ ከአዲስ ሸክላ ጋር ብትቀላቅሉት ሁለተኛው ሽፋን ላይ ከአሸዋ ይሻላል፤ አንዴ ስለተቃጠለ ሲደርቅ አይኮማተርም። ነሐሱ የነካውን የውስጡን ጥቁር ክፍል ግን ለዩት፤ የነሐስ ፍንጣሪ ስላለበት ሰሙን ይቧጭረዋል።